ዲዝኒ ወርልድ ከአያትና ከሕፃን ጋር

ጥያቄ፦ በሐምሌ የ2 ዓመት ልጃችንን፣ እናቴንና እህቴን ይዘን ከቨርጂኒያ ወደ ኦርላንዶ ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። ሁሉም እንዲደሰት ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ልጃችሁ 3 ዓመት እስካልሞላው ድረስ መግቢያ አይከፈልለትም። የፍሎሪዳ ሐምሌ በጣም ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድና ዝናብ ያዘወትራል። ስለዚህ በሩ እንደተከፈተ ግቡ፤ እኩለ ቀን ላይ ልጁም አያቱም ሆቴል ገብተው ይረፉ፤ አመሻሹ ላይ ትመለሳላችሁ።

ቁመቱ የማይደርስባቸው ጨዋታዎች ላይ ልጁ አይሳፈርም። በመግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ «ራይደር ስዊች» እንደምትፈልጉ ንገሩት፤ አንዳችሁ ልጁን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያም ረጅሙን ሰልፍ ሳትደግሙ ትቀያየራላችሁ። ለእናትዎ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራዩላቸው፤ መንገዱ ረጅም ነው።

«ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» የተባለው የጀልባ ጨዋታ ቁመት አይጠይቅም። ሁሉን ለማየት ከመሯሯጥ፣ አያትና የልጅ ልጅ እዚያ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ጉዞው የእነሱ ነው።