ድርቅን አስቀድሞ ስለ ማወቅ፤ ከሰማይ የሚታየውን ደመናና በምድር የሚለካውን ዝናብ ስለ ማስተያየት

ድርቅ እንደ ጎርፍ በአንድ ሌሊት የሚደርስ አይደለም፤ ቀስ እያለ የሚመጣ ስለ ሆነ ተግቶ የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል። በ2007 ዓ.ም. በብዙ ስፍራ የበልጉ ዝናብ ጐደለ፤ ቀጥሎም ኤልኒኞ በሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ምክንያት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፥ ሳስቶም አለፈ። በ2008 ዓ.ም. የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ስለዚህ ዝናብን በየቀኑ መከታተል ለአስተዳዳሪና ለእርሻ ባለቤት ሁሉ ዋና ተግባር መሆኑን መረዳት ይገባል።

ዝናብ የሚታወቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሳተላይት ነው። ሜቴዎሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አፍሪካን ቀንና ሌሊት ይመለከታሉ። ነገር ግን የሚያዩት የደመናውን ራስ ቅዝቃዜ እንጂ የወረደውን ውሃ አይደለም። ደመና ወደ ላይ ባደገ መጠን ራሱ ይቀዘቅዛልና፥ ቅዝቃዜው ከቆየበት ሰዓት ዝናቡ ይገመታል። ጥቅሙ መለኪያ የሌለበትን ቆላና በረሓ ሁሉ ማዳረሱ ነው። ጉድለቱም ቀዝቃዛ ሆኖ ዝናብ የሌለው ስስ ደመና ያሳስተዋል፤ በተራራ ላይ ደግሞ እምብዛም ካልቀዘቀዘ ደመና የሚወርደው ዝናብ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው በምድር የሚተከለው የዝናብ መለኪያ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር፥ በ1 ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው። መለኪያው የወረደውን ውሃ ራሱን ይለካል፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ለቆመበት ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሳተላይቱን ግምት በመለኪያው ቁጥር ያርሙታል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት የሚጠነቀቁበት ነገር ይህ ነው። መለኪያው ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ርቆ ይተከል፤ በየጧቱም በ3 ሰዓት ይነበብ። ዝናብ ባልጣለበት ቀን 0 ይጻፍ፤ ሳይለካ የቀረው ቀን ግን ባዶ ይተው። ምሳሌ፤ በ10 ቀን ውስጥ 12 እና 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጽፎ የቀረው ባዶ ቢሆን፥ 8ቱ ቀን ደረቅ ይሁን ወይም ሳይለካ ይቅር ማንም አያውቅም። ከቀናት በኋላ በግምት መሙላት ደግሞ ከባዶው የከፋ ነው፤ ሳተላይቱን የሚያርመው ቁጥር ራሱ ሐሰት ይሆናልና።

የወሩ ድምርም ብቻውን አይበቃም። 60 ሚሊ ሜትር በ3 ቀን ወርዶ ዝናቡ 20 ቀን ቢቋረጥ፥ ድምሩ ደህና ይመስላል፤ ቡቃያው ግን ይደርቃል። ስለዚህ የየ10 ቀኑ ቁጥር ሳይዘገይ ይላክ። ሳተላይቱ ዘነበ ሲል መለኪያው 0 ያሳየ እንደ ሆነ፥ ሹሙ ራሱ ወርዶ ማሳውንና ግጦሹን ይመልከት። ቶሎ የሚደርስ ዘር ማደል፥ እህል ማከማቸት፥ ከብትንም ሳይከሳ መሸጥ የሚቻለው ነገሩ ጊዜው ሳያልፍ የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።