ወንድሜን የት ላሳየው?

ጥያቄ፦ የሞላሌ ነዋሪ ነኝ። ከውጭ የሚመጣው ወንድሜ የፖሊኔዥያ ደሴቶችን ዞሮ አይቷል። እኛ ዘንድስ ተፈጥሮንና ባህልን አንድ ላይ የት ላሳየው?

መልስ፦ መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ሣር ሜዳ ይውሰዱት። ፖሊኔዥያውያን ባሕሩ እንዲያገግም ዓሣ ማስገርን ለጊዜው የሚከለክሉበት «ራሁዊ» የሚባል ሥርዓት አላቸው። የመንዝ አባቶችም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቄሮን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ ጓሳን መልሶ ይዞታል፤ እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው።

ማለዳ ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው፣ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየቆነጠሩ ይበላሉ። ቀይ ቀበሮ በመሀላቸው ሲያልፍ ካያችሁ ባላችሁበት ቁሙ። እነሱ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጥ ያድናል። ይህ ጉርብትና እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቷል።

ጥቅምት መልካም ወር ነው፤ ዝናቡ አልፎ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ባና ያዙ። አስጎብኚ ከአካባቢው ሰው ይያዙ፤ ወንድምዎም ለጭላዳዎቹ ምግብ እንዳይሰጥ አደራ ይበሉልኝ።