የማይታየው ዲስክ፦ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የኔትወርክ ማከማቻን ፈልጎ ማግኘት

ዲስክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ የተገጠመው ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ሰርቨሮች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት በኔትወርክ በሚገናኙት የጋራ ማከማቻ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን አሠራር መሠረተ ሐሳብ፣ እንዲሁም ዲስኩ አልታይ ሲል ምክንያቱን በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንደሚገባ እንመለከታለን።

ስካዚ እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ፣ ኮምፒውተር ዲስክን «ይህን አንብብ፣ ያንን ጻፍ» እያለ የሚያዝበት ሥርዓት ነው። አይስካዚ ደግሞ እነዚህኑ ትእዛዞች በኢንተርኔት ፕሮቶኮል አማካይነት በተራ ኔትወርክ ላይ ያጓጉዛል፤ መግለጫ ሰነዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጠያቂው ሰርቨር «ኢኒሼተር»፣ በማከማቻው በኩል ጥያቄውን የሚቀበለው «ታርጌት»፣ ታርጌቱ በቁጥር ለይቶ የሚያቀርበው እያንዳንዱ ዲስክ ደግሞ «ሉን» ይባላል።

ዲስኩ በሰርቨሩ ላይ እስኪታይ ድረስ አራት ደጆችን ያልፋል፤ እነርሱም ኔትወርክ፣ ፍለጋ፣ መግቢያና የሉን ድልድል ናቸው። «ዲስኩ አልታየም» የሚለው ቅሬታ አንድ ቢሆንም ችግሩ ከአራቱ በአንዱ ሊገኝ ስለሚችል፣ ምርመራው ከታች ወደ ላይ በተራ መሄድ ይኖርበታል።

አንደኛው ደጅ ኔትወርኩ ነው። ማከማቻው ለፒንግ ምላሽ ከሰጠ መንገዱ ክፍት መሆኑን እንረዳለን፤ የአይስካዚ አገልግሎት መሥራቱን ግን ከዚህ አናውቅም። አገልግሎቱ በተለምዶ የሚጠብቀው በቲሲፒ ፖርት 3260 ስለሆነ ይህንኑ ፖርት መሞከር ያስፈልጋል። ግንኙነቱ ወዲያውኑ ተቀባይነት ካጣ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ አገልግሎት የለም ማለት ነው። ጥያቄው ያለምንም መልስ ከቀረ ደግሞ ፋየርዎልን ወይም የመንገድ አመራርን እንጠረጥራለን።

ሁለተኛው ደጅ ፍለጋው ነው። ኢኒሼተሩ «ምን ታርጌቶች አሉህ?» ብሎ ሲጠይቅ ማከማቻው የስምና የአድራሻ ዝርዝር ይመልሳል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ፦ ማከማቻው ሰርቨሩ ሊደርስባቸው የማይችላቸውን ሌሎች አድራሻዎቹንም ጨምሮ ሊልክ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፍለጋው ተሳክቶ ሳለ ቀጣዩ ደረጃ ይቆማል።

ሦስተኛው ደጅ መግቢያው ነው። ማከማቻው ማንን እንደሚያስገባ በተለምዶ የሚወስነው በኢኒሼተሩ ስም ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ የይለፍ ቃልም ይጨምርበታል። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ የተመዘገበው ስም በማከማቻው ላይ ከተመዘገበው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። መግባት ተችሎ ንባቡ የሚንጠለጠል ከሆነ የእሽጉን መጠን እንመርምር። ሰርቨሩና ማከማቻው 9000 ባይት እንዲያስተላልፉ ተዘጋጅተው በመካከል ያለው ስዊች 1500 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ትንንሾቹ መልእክቶች ሲያልፉ ትልልቆቹ ይጠፋሉ። ይህን ለማረጋገጥ እሽጉ እንዳይከፋፈል ከልክለን 8972 ባይት የያዘ ፒንግ እንልካለን፤ ቀሪው 28 ባይት የራስጌው ድርሻ ነው።

አራተኛው ደጅ የሉን ድልድሉ ነው። ሰርቨሩ ገብቶ ሳለ ዲስክ ካልታየ፣ ምናልባት ለስሙ የተመደበ ሉን የለም። ሉኑ የተመደበው ሰርቨሩ ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ዳግመኛ እንዲቃኝ ማዘዝ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ግድ አይደለም።

ዲስኩ ከታየ በኋላም ጥንቃቄ ያሻል። ሰርቨሩ በሁለት መንገድ ከተገናኘ አንዱ ዲስክ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ እነዚህን የሚያዋህደው መልቲፓዝ የተባለው ሥርዓት ነው። እንደ «ኤስዲቢ» ያለው ስምም ሰርቨሩ ዳግም ሲነሣ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዲስኩን በቋሚ መለያው መጥራት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የሌላ ሰርቨር ዲስክ ሲታይ ነው። ለምሳሌ ሁለት ሰርቨሮች ከአንድ ቅጂ ተባዝተው የኢኒሼተር ስማቸው ሳይለወጥ ቢቀር፣ ማከማቻው ሊለያቸው ስለማይችል ለአንዱ የተመደበው ዲስክ ለሌላውም ሊከፈት ይችላል። ኤክስት 4ን የመሰለ ተራ የፋይል ሥርዓት ደግሞ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ እንዲጽፉበት አልተሠራም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ይደመስሰዋል። በመሆኑም ዲስኩን ፎርማት ከማድረጋችን በፊት መጠኑንና መለያውን በማከማቻው ላይ ካለው መዝገብ ጋር እናመሳክር። ያልታየ ዲስክ በትዕግሥት ይገኛል፤ በስሕተት ፎርማት የተደረገ ዲስክ ግን ቅጂ ካልተቀመጠለት መረጃውን መመለስ እጅግ አዳጋች ነው።