ከቀብር እስከ ቂያማ

እ.ኤ.አ. በ624 የበድር ጦርነት ሲያበቃ የተገደሉት የቁረይሽ አለቆች አስከሬን ወደ አንድ ጉድጓድ ተጣለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አፋፉ ላይ ቆመው ሙታኑን በየስማቸው እየጠሩ፣ ጌታቸው የዛተባቸውን ነገር እውነት ሆኖ አግኝተውት እንደሆነ ጠየቋቸው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ ነፍስ የሌለውን ሥጋ እንዴት ያናግሩታል ብለው ተደነቁ። ነቢዩም እነዚያ ከሕያዋኑ ባላነሰ እንደሚሰሙ መለሱላቸው።

የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ ይህን ዘገባ አልተቀበሉትም። በእርሳቸው አረዳድ ነቢዩ የተናገሩት ሙታኑ አሁን እውነቱን ማወቃቸውን ነው፤ መስማታቸውን አይደለም። ለዚህም የቁርኣን አንቀጾችን ጠቀሱ። ዑለማዎች እስከ ዛሬ በሁለቱም ወገን ይከራከራሉ።

ክርክሩ የሚነካው ከሞት እስከ ቂያማ ያለውን ጊዜ ነው። ስለ አኺራ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ወደ ጀነትና ጀሀነም ይሄዳል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሚሰጠው በቂያማ ዕለት ነው፤ እስከዚያ ሟቹ በበርዘኽ ይቆያል። ጀናዛው ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ ዞሮ ከተቀበረ በኋላ ሙንከርና ነኪር የተባሉ መላእክት ይመጡበታል። ጌታህ ማነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ነቢይህስ ማነው ይሉታል። የመላእክቱ ስም የሚገኘው በሐዲስ እንጂ በቁርኣን አይደለም። ለመለሰ ሰው ቀብሩ ይሰፋለታል፤ ላልመለሰ ይጠብበታል።

መቃብር ቢከፈት ግን የሚታየው አጥንት ነው። ታዲያ ቅጣቱ የት አለ? ሙዕተዚላ ከተባሉት የጥንት የሥነ መለኮት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ይዘው የቀብርን ቅጣት እስከ መካድ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው 40ኛና የመጨረሻ መጽሐፍ ላይ መልስ ሰጥተዋል። በሕልሙ እባብ የነደፈው ሰው ይጮኻል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን እባብም ንድፊያም አያይም። ሥቃዩ ለተኛው እውነት ነው። ዓይን ስላላየው ብቻ አንድ ነገር የለም ሊባል አይችልም ማለታቸው ነው፤ ከቀረቡት መልሶች ሁሉ ጠንካራውም ይህ ይመስላል።

ሙታን ይሰማሉ ወይ ወደሚለው ጥያቄ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1350 ያረፉት ኢብኑል ቀዪም «ኪታብ አር-ሩሕ»ን የሚጀምሩት ሙታን የዘያሪያቸውን ሰላምታ ያውቃሉ ወይ በሚል ጥያቄ ነው። መልሳቸው አዎ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ለሐዘንተኛ ቤት ምን ይፈይዳል? ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገሮች ግን እንደሚቀጥሉለት በሐዲስ ተነግሯል፤ እነርሱም ዘላቂ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። ዕዳም እንዲሁ ይከተለዋል። ነቢዩ ባለዕዳ ሆኖ በሞተ ሰው ላይ ሶላተል ጀናዛ ለመስገድ አልፈቀዱም ነበር፤ የሰገዱለት አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ካሉ በኋላ ነው። ቁርኣንም በ4ኛው ምዕራፍ ውርስ የሚከፋፈለው ኑዛዜና ዕዳ ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ዘመዱን የቀበረ ቤተሰብ ለሟቹ ሊያደርግለት ከሚገባው ነገር ቀዳሚው የማን ገንዘብ እንዳለበት አጣርቶ መክፈል ነው።