እንጦጦ ውኃውን ይከፍላል፤ ነጋዴው ጭነቱን ይከፍላል

ክረምት ሲገባ በእንጦጦ ጀርባ ላይ የሚዘንበው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ነጋዴ ብዙ አይደለም። ይሁንና በሾላ ገበያ የሚሸጠው እህልም ሆነ በመገናኛና በኮተቤ መደብሮች የተደረደረው ብረታ ብረት ዋጋው ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ የሚሄድበትን መንገድ ያላወቀ ነጋዴ ጭነት ለምን እንደሚወደድበት ለማወቅ ይቸግረዋል።

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጀርባው እንደ ቆርቆሮ ቤት ክዳን ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል። በሰሜን ተዳፋት የወረደው ውኃ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ አባይ ይገባል፤ መድረሻውም የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። በደቡብ ተዳፋት፣ በየካ በኩል የወረደው ደግሞ ቀበናንና ግንፍሌን በመሳሰሉ ወንዞች አማካይነት ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ በኩል ወደ አዋሽ ይፈስሳል። አዋሽ 1,200 ኪ.ሜ. ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚቀረው 100 ኪ.ሜ. ገደማ ነው።

እንግዲህ በአንድ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ከወደቁት ሁለት ጠብታዎች አንዱ የግብጽን ምድር ሲያጠጣ ሌላው በአፋር በረሃ ይተናል። ሁለቱም ግን ከአዲስ አበባ ተነሥተው አንድ ኩንታል ዕቃ ተሸክመው አይሄዱም። ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ውኃ ለምን ይረክሳል?

ጭነትን ከቦታ ወደ ቦታ ለማድረስ በቶንና በኪሎ ሜትር ሲሰላ በአብዛኛው ርካሹ መንገድ ውኃ፣ ቀጥሎ ባቡር፣ ውዱ ደግሞ መኪና ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውኃ ሸክሙን ራሱ ይሸከማል፤ ሞተሩ የሚሠራው ለመግፋት ብቻ ነው። 2,000 ቶን የሚጭን አንድ የወንዝ መርከብ እያንዳንዳቸው 40 ቶን የሚጭኑ 50 ባለ ተሳቢ መኪናዎችን ይተካል። 50 ሾፌር፣ 50 ሞተርና በመቶዎች የሚቆጠር ጎማ ይቀርለታል ማለት ነው።

በዚህም የተነሣ የባሕር በር የሌለው አገር ሁሉ እኩል የተቸገረ አይደለም። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም፤ ሆኖም ከሮተርዳም ወደብ የተነሡ መርከቦች የራይን ወንዝን ይዘው እስከ ባዝል ከተማ ይደርሱላታል። ፓራጓይም ባሕር የላትም፤ ነገር ግን በፓራጓይና በፓራና ወንዞች አማካይነት እህሏን ወደ አትላንቲክ የምታወርድ በመሆኗ በዓለም ከፍተኛ ቁጥር ካላቸው የወንዝ መርከቦች ባለቤቶች አንዷ ለመሆን በቅታለች።

የእኛን አገር ወንዞች ለመርከብ የማያመቻቸው የውኃ ማነስ ሳይሆን የቁልቁለቱ ብዛት ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የሱዳን ጠረፍ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። በመካከሉ ጢስ አባይ ፏፏቴና ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሸለቆ አለ። በ1903 እ.ኤ.አ. ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት በአባይ ላይ በጀልባ ለመውረድ ሞክሮ ጀልባዎቹ ብዙ ሳይርቁ ተሰባብረው ቀርተዋል። ራይን ግን ባዝል ላይ ከፍታው 250 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ እስከ ባሕር ድረስ ያለው ቁልቁለት ለመርከብ የሚመች ነው።

ባሮ፦ አንዲቱ በር

ከዚህ ደንብ ወጣ ብሎ የሚገኘው የባሮ ወንዝ ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ እየተወረወረ ከወረደ በኋላ ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከሉ ያለው የውኃ መንገድ ከ1,000 ኪ.ሜ. ስለሚበልጥ ቁልቁለቱ የለም ያህል ነው።

ይህን የተገነዘበችው እንግሊዝ በ1902 እ.ኤ.አ. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ጣቢያ አገኘች። በጋምቤላ የተቋቋመውም ይኸው ጣቢያ ነው። ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ የሚወርደው ቡና በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ሲሄድ፣ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ በምላሹ ይመጣ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። የመርከቡም አገልግሎት ከጊዜ በኋላ ተቋርጧል።

ከጋምቤላ ታሪክ ነጋዴ የሚማረው ሌላም ነገር አለ። ባሮ መርከብ የሚያስገባው ውኃው በሚሞላበት ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ባሉት ወራት ነበር። በበጋ የደረሰ ቡና ክረምትን በመጋዘን ይጠብቃል። መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ቡና ደግሞ የታሰረ ገንዘብ ነው። የመርከቡ ኪራይ ቢረክስም የመጠበቂያው ወጪ በሒሳቡ ላይ መደመር ነበረበት። ስለዚህ ርካሽ መንገድ ሁልጊዜ ርካሽ ሒሳብ አይደለም።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ዕድሜ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. (1886 እ.ኤ.አ.) ስትቆረቆር በዚያው በ1886 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የጆሃንስበርግ ከተማ ተቆረቆረች። የሁለቱ መልክዓ ምድር መመሳሰል ያስገርማል። ጆሃንስበርግም እንደ አዲስ አበባ ውኃ በሚከፍል ጀርባ ላይ የተቀመጠች ናት። የሰሜኑ ዝናብ በሊምፖፖ አድርጎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ፣ የደቡቡ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች አድርጎ ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ግን የላትም።

ልዩነቱ ያለው ከሐዲዱ ላይ ነው። ወርቅ የተገኘባት ጆሃንስበርግ ከኬፕ የተነሣው ባቡር የደረሰላት በተቆረቆረች በ6 ዓመቷ፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። መዲናይቱ 31 ዓመት ሙሉ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ኖራለች ማለት ነው። ዛሬ ጆሃንስበርግ ሲቲ ዲፕ የተባለውን ትልቅ ደረቅ ወደብ በከተማዋ ውስጥ ይዛ ከባሕር ርቀቷን አቃልላለች። ከዚህ የምንረዳው ወንዝ የነፈገውን ሐዲድና ደረቅ ወደብ ሊክሰው የሚችል መሆኑን ነው፤ ካሳው ግን በሚሠራበት ፍጥነትና በሚቀመጥበት ቦታ ይወሰናል።

የካ ከየት ትገዛለች?

ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነፃ አገር ከሆነች፣ በተለይም በ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከተነሣና አሰብ ከተዘጋ ወዲህ፣ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በገላፊ በኩል ያለው የመኪና መንገድ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። በጥር 2010 ዓ.ም. ገደማ የንግድ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ እስከ ሰበታ 750 ኪ.ሜ. ገደማ ይሄዳል።

የድሮውም ሆነ የአዲሱ ሐዲድ ጣቢያዎች ያሉት በከተማይቱ ደቡብ በኩል፣ ዝቅ ባለው ሥፍራ ነው። ለገሃርም፣ እንዶዴም፣ ሰበታም ከየካ ተዳፋት ሩቅ ናቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚያልፍ ቢሆንም የተሠራው ለሰው እንጂ ለዕቃ አይደለም።

ስለሆነም ለኮተቤ መጋዘን የታሰበ አንድ ኮንቴይነር ከመርከብ ከወረደ በኋላ በሐዲድ ወይም በመኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም እንዶዴ ይደርሳል። ከዚያ በከባድ መኪና ወደ ኮተቤ፣ ከኮተቤ በአይሱዙ ወደ ሾላ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበት፣ ከአይሱዙው ላይ ደግሞ በጫኝና አውራጅ ትከሻ ወደ ሱቁ ይገባል። ዕቃው እጅ በቀየረ ቁጥር ገንዘብ ይጨምራል፤ የሚሰበረውና የሚጎድለውም እንዲሁ።

የካ ግን ሌላ በር አላት። የደብረ ብርሃንና የደሴ መንገድ በካራ በኩል ነው የሚገባው። የላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያም የሚያስተናግደው ይህንኑ አቅጣጫ ነው። በዚህ በር የሚገባው እህልና ቅቤ የደጋ ምርት በመሆኑ ከወደብ የሚመጣውን ያህል ሽቅብ አይወጣም። በካራ ገበያ የሚሸጠው የቁም ከብት ደግሞ ከቅርብ አካባቢ የመጣ ከሆነ በእግሩ የሚሄድ፣ ራሱን የሚሸከም ጭነት ነው። ከብት ነጋዴ ግን ነፃ ጉዞ አገኘሁ ብሎ እንዳይዘናጋ ያሻል። ከብቱ በመንገድ የሚቀንሰው ሥጋ የጭነት ኪራዩ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለትምህርት ያህል የተሰጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለአንድ ኩንታል የማጓጓዣ ኪራይ 300 ብር ነው እንበል። ዋጋው በኩንታል 2,000 ብር ለሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለግንባታ ዕቃ፣ ኪራዩ ከዋጋው 15 በመቶ ይሆናል። በኩንታል 60,000 ብር ለሚያወጣ ቅቤ ግን ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ከባድና ርካሽ ዕቃ የሚነግድ ሰው ከበር ወይም ከሐዲድ መራቅ የለበትም። ቀላልና ውድ ዕቃ የሚነግደው ግን ወደ ገዢው ቢጠጋ ይሻለዋል። ቅቤና ቅመም በሾላ ውስጥ፣ ብረትና ሲሚንቶ በሰፊው መንገድ ዳር መሸጡ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የመመለሻ ጭነት ነው። አገሪቱ የምታስገባው ዕቃ በክብደት ከምታስወጣው ስለሚበልጥ ብዙ መኪና ወደ ወደብ የሚወርደው ባዶውን ነው። 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ሲመጣ 120,000 ብር፣ ባዶውን ሲወርድ 80,000 ብር ወጪ ያወጣል እንበል። ጠቅላላው 200,000 ብር በ400 ሲካፈል ኩንታሉ 500 ብር ይመጣል። ሲወርድ 60,000 ብር የሚከፍል ጭነት ቢያገኝ ግን የገቢ ዕቃው ድርሻ 140,000 ብር ይሆንና ኩንታሉ ወደ 350 ብር ይወርዳል። ጥሩ ደላላ ከተራው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መጪውን መኪና ያገናኘ ደላላ ኮሚሽን ያገኛል፤ ተመላሹንም ያገናኘ ግን ለሁለቱም ወገን ዋጋ ይቀንሳል፣ ደንበኛም ያተርፋል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

በየካና በአካባቢዋ ለመጋዘን ወይም ለመደብር ቦታ የሚፈልግ ባለገንዘብ “አስፋልት ዳር ነው” የሚለው ቃል ብቻ ሊያረካው አይገባም።

1ኛ. ዕቃው የሚመጣው በየትኛው በር ነው? የወደብ ዕቃ ከደቡብ፣ የደጋ ምርት ከካራ ይገባል። መጋዘኑ በተቃራኒው በር ከሆነ ዕቃው ከተማውን በሙሉ ማቋረጥ ይኖርበታል። ለከባድ ተሽከርካሪ የሚወጣው የሰዓት ገደብም ከሒሳብ መግባት አለበት።

2ኛ. ተዳፋቱ ምን ያህል ነው? የሞላ ተሳቢ የማይወጣው አቀበት ላይ የተሠራ መጋዘን ሁለተኛ መኪናና ሁለተኛ ማራገፊያ ይፈልጋል። የቦታው ዋጋ መርከስ በዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

3ኛ. ክረምት ውኃው በየት ይወርዳል? ከእንጦጦ የሚነሡት ወንዞች ጀልባ ባይሸከሙም ጎርፍ ይሸከማሉ። በወንዝ ዳር ያለ ቦታ በበጋ ታይቶ በበጋ ከተገዛ ክረምት የሚናገረው ሌላ ነው።

4ኛ. መኪናው ሲመለስ ምን ይጭናል? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ከተወዳዳሪው በታች ለመሸጥ ይችላል።

ባዝል ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጥቂቱን ራይን ይመልስለታል። የየካ ነጋዴ ግን ሁሉንም ራሱ መመለስ አለበት። ወንዙ ያልተሸከመውን ሐዲዱ፣ ሐዲዱ ያላደረሰውን መኪናው፣ መኪናው ያልወጣውን ትከሻ ይሸከመዋል። የእያንዳንዱ ደመወዝ ግን በመጨረሻ ተደምሮ የሚመጣው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ካለው ዋጋ ውስጥ ነው።