ጦማርና ድረ ገጽ፦ ከስያሜያቸው በመነሣት
«ጦማር» በግእዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ላኪና ቀን አለው። ለብሎግ መጠሪያነት መመረጡ ስለዚህ ተስማሚ ነው፤ አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ይሰፍራል፣ የቀድሞውም ከነቀኑ ከሥሩ ይቆያል። «ድረ ገጽ» ግን ከድር የተገኘ ስያሜ ነው። የመንዝ ባና ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ሥራውን እንደሚጀምር፣ ተቋምም ስለ ራሱ የሚያስረዱ ቋሚ ገጾችን አስቀድሞ ይዘረጋል፤ መረጃው ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ አሮጌውን ይተካዋል።

ጦማር ራሱ የድረ ገጽ ዓይነት በመሆኑ ልዩነቱ ከመሣሪያው ይልቅ በአዘጋገቡና በባለቤትነቱ ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የዞን ዘጠኝ ስብስብ ለዚህ አብነት ይሆናል። አባላቱ በስማቸው ይጽፉ ነበር፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው በኋላ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ሲከሰሱ፣ ፍርድ ቤት የቆሙት ጸሐፊዎቹ እንጂ ተቋም አልነበረም።