ወንድነት ማጀት ሲገባ ይጠፋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት በዐቢይ ጾም እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በሁዳዴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገቤ ቆሞ ምስር ይለቅምልኛል፣ ሽንኩርት ይከትፍልኛል። አጎቱ በመጣ ቁጥር ‹ይህን ልጅ ሴት አደረግሽው እኮ!› ይለኛል። ልጁም አሁን አሁን በር ሲንኳኳ ቢላዋውን ጥሎ ሳሎን ይገባል። ታላቅ እኅቱ ደግሞ ‹ምነው ወንድ ሆኜ በተወለድኩ› አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ጥያቄው የሽንኩርት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ «ወንድ ነኝ ማለት ምን ማለት ነው?» እያለ ነው፤ ልጅቱም ሴትነቷን እንደ ቅጣት መቁጠር ጀምራለች። ሁለቱም ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሳሎንና ከማጀት ነው። አጎትየውም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ የሰማውን ይደግማል።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ሲፈጥር ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው (ዘፍ. 1፥27)። እንግዲህ ወንድነትም ሴትነትም ከእርሱ የተሰጠ ነው፤ በሥራ የሚገኝ፣ በሥራ የሚጠፋ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች። አንዳንድ ሰው ይህን ይዞ «ሴት ስለምታንስ ነው የዘገየችው» ይላል። ቀኑ ይለያያል እንጂ የገቡበት ገነት አንድ ነው። የሚጠመቁበት ውኃ አንድ ነው፤ የሚቀቡት ሜሮን አንድ ነው፤ በዚያው ዕለት የሚቀበሉት ሥጋ ወደሙም አንድ ነው። ለሴት ተብሎ የተቀነሰ ልጅነት የለም።

ከዚያ ስም ይወጣል። ወንዱ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም ሲባል ሴቷ ወለተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም ትባላለች። ወንድ መሆኑም ሴት መሆኗም ገና ከስማቸው መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያን ልዩነቱን አልደበቀችውም። በጸሎትም ጊዜ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ይቆማሉ። ክህነትም ለወንዶች የተሰጠ ነው። ወንድና ሴት አይለያዩም የሚል ትምህርት የለንም። ግን ስሙን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ገብር» ማለት አገልጋይ ማለት ነው። «አመት»ም ሴት አገልጋይ ናት። የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ። ስሙ ገብረ እገሌ የሆነ ወንድ ሶፋ ላይ ተጋድሞ «ውኃ አምጪልኝ!» ብሎ ሲጮህ የራሱ ስም ሳይታዘበው አይቀርም።

አሁን ወደ ማጀቱ እንግባ። ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት በቤተ ልሔም ይዘጋጃል። እዚያ ዱቄቱን አቡክቶ የሚጋግረው ማን ነው? ወንድ አገልጋይ ነው። ከእንጀራ ሁሉ የሚበልጠው እንጀራ በወንድ እጅ ይጋገራል፤ ይህን ያደረገ ዲያቆን «ሴት ሆነ» የሚለው የለም። ደብረ ዳሞን ደግሞ አስቡ። ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው፤ በገመድ ካልሆነ አይወጣም፣ ሴት አይገባበትም። ታዲያ እዚያ እሳት የሚያነደውና ወጥ የሚሠራው ማን ይመስላችኋል? «የሴት ሥራ» የምንለው ሁሉ ሴት በሌለችበት ተራራ ላይ ሲሠራ ኖሯል።

ለልጁ ግን ሌላ ታሪክ ንገሪው፤ ምስር ለሚለቅም ልጅ ከዚህ የሚቀርብ አይገኝም። ኤሳው አዳኝ ነበር፣ የበረሃ ሰው። ያዕቆብ ግን በድንኳን የሚቀመጥ ነበር። ኤሳው ደክሞ ከዱር ሲመለስ ያዕቆብ ወጥ ሠርቶ ነበር፤ የምስር ወጥ (ዘፍ. 25፥27-34)። ያ ወጥ ሠሪ የ12ቱ ነገደ እስራኤል አባት ሆነ። ብኵርናውን ያጣውም ወጡን የሠራው ሳይሆን፣ ሆዱ አላስችል ብሎት ወጡን የበላው ነው! በጾም ወራት ይህን ማሰብ ጥሩ ነው።

ለልጅቱ ደግሞ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አለችላት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው። ባለጸጋ ነበረች፤ ባሏም የንጉሥ ባለሟል ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው ባዘዙ ጊዜ ብዙ መኳንንት ለሹመታቸው ሲሉ እሺ አሉ። እርሷ እንቢ አለች፤ በንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ተጋዘች፣ ሃይማኖቷን ግን አልለወጠችም። በጣና ዙሪያ የሰበሰበቻቸው መነኮሳት ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ፤ ለሁሉም እናታቸው ነበረች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ኅዳር 17 ቀን ነው። እኛ ግን ጠንካራ ሴት ስናይ «እሷ እኮ ወንድ ናት» እንላለን። ምስጋና መስሎን ነው። ለምትሰማው ልጅ ግን ጀግንነት የወንድ ንብረት ነው፣ ሴት ስትጀግን ተበድራ ነው ማለታችን ነው። ወለተ ጴጥሮስ ጸንታ የቆመችው «ወለት» እንደተባለች፣ ሴት ልጅ ሆና ነው።

ወንዶች ወንድሞቻችን፣ እናንተም አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚስታችሁ እንደ እናንተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ልዩነቱ፣ እርሷ በባዶ ሆዷ የሽሮውን ሽታ እያሸተተች ታማስላለች፤ እናንተ ሰዓት ታያላችሁ። ብዙዎቹም ከቢሮ የገቡት ከእናንተ ጋር በአንድ ሰዓት ነው። ባል ራስ ነው ስንል፣ ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ መሆኑን ሐዋርያው አብሮ ጽፎታል (ኤፌ. 5፥25)። ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥4-5)። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምናየው ይህንኑ ነው። በአገራችን የእግር ውኃ ማቅረብ የማን ሥራ እንደነበር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ እኅታችን፣ አጎትየው ሲመጣ አትጣዪው፤ ዘመድ ነው። ቡናውን አቅርቢለትና የያዕቆብን ታሪክ ልጁ ራሱ ይንገረው። የሚነግረው ግን ቢላዋውን ሳይጥል፣ ሽንኩርቱን እየከተፈ ይሁን። ልጅቱን ደግሞ ያን ዕለት ከማጀት አስወጪያትና ሳሎን ከእንግዳው ጋር ትቀመጥ፤ የወለተ ጴጥሮስን ገድል እርሷ ታንብብላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።